ዘፈንም መዝሙርም ያልሆነው ካሴት

ዕድሜ ይስጣችሁና እናንተም ስትደርሱበት ታዩታላችሁ፤ ሰው የሚያስታውሰውን አይመርጥም። የመጀመሪያውን የጆሃንስበርግ ክረምት በምን ዓይነት ብርድ ልብስ እንዳሳለፍኩት ብትጠይቁኝ አላውቅም። የመጀመሪያ ስልኬን ቁጥርም ረስቼዋለሁ። ባለፈው ወር ግን ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ወርጄ፣ ማማ ኖምሳ ግቢዋ ውስጥ ቧንቧው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ድስት እየፈተገች የምታንጎራጉረውን ዜማ ስሰማ እግሬ በሩ ላይ ተተከለ። ቃል የለውም፤ አፏን ዘግታ ነው የምታዜመው። ከፍ ይልና ይንጠለጠላል፣ ሊወድቅ ሲል ደግሞ ተመልሶ ይነሳል። መንገደኛ ቢሰማው የአገሯ ሙሾ ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ከየት እንዳገኘችው አውቃለሁ፤ ለዓመታት በየቀኑ ያሰማናት እኔና ማርቆስ ነን።

ማማ ኖምሳ የመጀመሪያ ሱቃችን የነበረበት ግቢ ባለቤት ናት። ዛሬ ፀጉሯ እንደ ጥጥ ነጭቷል፣ ጉልበቷም ይዟታል፤ ድምፅዋ ግን ያው ነው። የሄድኩት የልጄን የሜሮንን ሰርግ ልነግራት ነበር። ስልክ አላት፤ ነገር ግን በባዕድ አገር እንደ እናት የያዘችህን ሴት በስልክ ለሰርግ አትጠራም። ስለዚህ ከከተማ ታክሲ ተሳፍሬ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ትከሻዬ ላይ እንቅልፏን እየጨረሰች፣ ያን የማያልቅ መንገድ በመስኮት እያየሁ ወረድኩ። የማገዶ ሜዳ የነበረው ቦታ የገበያ ማዕከል ሆኗል። ሱቃችን የነበረችው የቆርቆሮ ክፍል አሁን ፀጉር ቤት ናት፤ በበሯ ላይ የአንዲት ቆንጆ ሥዕል አለ፣ አንዱ ዓይኗ ከሌላው ይተልቃል።

ለማማ ኖምሳ ልነግራት ያልቻልኩት ቦታውን ነው። ሰርጉ የት እንደሚሆን እኔም አላውቅም ነበር። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ልጄን የጠየቃት ናትናኤል የማርቆስ ልጅ ነው። ማርቆስ የቀድሞ የሱቅ ሸሪኬ ነው፤ ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ ረጅም፣ አንድ ቃል ከአፉ እስኪወጣ ሻይ የሚቀዘቅዝበት ሰው። እሱ ጴንጤ ነው፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ነው። እኔ የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ፣ ማተቤን ያልበጠስኩ ኦርቶዶክስ ነኝ። የሃይማኖቱን ጉዳይ ልጆቹ ከየሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ተነጋግረው መላ አበጁለት፤ እኔ እጄን አላስገባሁም። ነገሩ የተጣበቀው አዳራሹ ላይ ነው። የማርቆስ ወገኖች ዘፈን ካለ አንገባም አሉ። የእኛዎቹ የእነሱ መዝሙር እየተዘመረማ ቁጭ ብለን አንበላም አሉ። ያለ ሙዚቃ ይሁን ሲባል ባለቤቴ፣ ሰርግ ነው ወይስ ሰልስት ብላ ተነሳች። ሰማይ ቢቀደድ ሽማግሌ ይሰፋዋል ይባላል፤ የእኛዎቹ ሽማግሌዎች ግን የባሰ ቀደዱት። በአንድ ቀን፣ በሁለት አዳራሽ ይሁን ብለው ፈረዱ። ሙሽሮቹ እዚያ በልተው እዚህ ሊጨፍሩ፣ እዚህ ኬክ ቆርሰው እዚያ ሊመረቁ። ማርቆስም እሺ አለ፣ እኔም እልህ ይዞኝ እሺ አልኩ። ያን ዕለት ማታ ሜሮን ሳህኗን ሳትነካ ተነሳችና፣ «አባዬ፣ ለሁለት ቆርሳችሁ ልትድሩኝ ነው?» ብላኝ ክፍሏ ገባች። ልጄ ናት፤ አንጀቴን በላችው።

እና በዚህ ሰሞን ነው ያን ዜማ የሰማሁት።

ያኔ፣ ሞባይል ስልክ እንደ ጡብ ከብዶ በቀበቶ በሚታሰርበት ዘመን፣ እኔና ማርቆስ ጂፒ፣ ሐበሻ በሚነግድበት የከተማው መንገድ ላይ ተገናኘን። ሁለታችንም ሎኬሽን በሚሏቸው የጥቁሮች ሰፈሮች በር እያንኳኳን አንሶላና ብርድ ልብስ ስንሸጥ ጫማ የጨረስን ሰዎች ነበርን። የእኔ ነጭ ሸራ ጫማ ነበር፣ ቀይ አፈሩ ቡናማ አድርጎት። እሱ ደግሞ ከአገር ቤት ያመጣትን ኮሌታዋ የሰፋ ቡናማ ኮት እሑድ እሑድ ይለብሳታል፤ ሌላውን ቀን በጋዜጣ ተጠቅልላ ትራሱ ሥር ታድራለች፣ በእሑድም እንደ ተተኮሰች ትወጣለች። ተደማምረን የማማ ኖምሳን የቆርቆሮ ክፍል ተከራየን። ፊት ለፊቷን በብረት ፍርግርግ አጠርነው፣ ከመደርደሪያው ኋላ ሁለት ፍራሽ አነጠፍን። ግማሽ ዳቦ በሳንቲም የሚሸጥበት ጊዜ ነበር። እንቁላል አንድ፣ ሻማ አንድ፣ ሲጋራ አንድ፣ ላምባ በቢራ ጠርሙስ። አሥር ራንድ ይዞ የመጣ ሰው እንደ ሀብታም ይከበር ነበር፤ ዛሬ በአሥር ራንድ ምን እንደሚገዛ እስቲ ንገሩኝ።

ሥራው አላጣላንም፤ ያጣላን ድምፅ ነው። ማርቆስ ገና ጎህ ሳይቀድ በትንሿ ሬዲዮው መዝሙር ይከፍታል፣ ያለቅሳል፣ ይጸልያል። እኔ ደግሞ የፍቅር ዘፈን ካልሰማሁ ዳቦ የማልቆርጥ ሰው ነበርኩ። እኔ ስከፍት እሱ ጆሮውን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣል። እሱ ሲከፍት እኔ ከዘማሪው ድምፅ በላይ ማስነጠስ እጀምራለሁ። ዓይንህን ላፈር ተባባልን። በዚያች መዞሪያ በሌላት ክፍል ውስጥ ሳንነጋገር ከርመን፣ በደንበኛ በኩል መላላክ ጀመርን። ማማ ኖምሳ ስኳር ልትገዛ መጥታ፣ «ማርቆስን ስኳሩ ከሥር ነው በይው» ብያት፣ «ሀይቦ፣ አጠገብህ ቆሟል እኮ» ያለችኝን እስከ ዛሬ ትስቅበታለች።

በኋላ ራሷ ናት ያስታረቀችን። አንድ ትልቅ ቴፕ በጋራ ግዙና ቀን ተካፈሉ ብላ መከረችን። እሺ ብለን ከተማ ወጣን። አስፋልት ዳር ላስቲክ አንጥፎ ቀበቶና የፀሐይ መነጽር ከሚሸጥ ልጅ አንድ ባለ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ቴፕ ገዛን። ውስጡ ካሴት ነበረበት። ልጁ እሱ ምርቃት ነው አለን። ቤት ወስደን፣ ማርቆስ የመዝሙሩን ካሴት ይዞ፣ እኔ የዘፈኔን ይዤ ቆመን፣ ማን ይቅደም እያልን ስንገባበዝ፣ ምርቃቱ አልወጣም አለ። ብንጫነው፣ ብንመታው፣ በማንኪያ ብንፈለቅቀው ወይ ፍንክች። ሬዲዮው ደግሞ ከመንሿሿት በቀር አያውቅም። ቴፑ ካሴቱን ራሱ የሚገለብጥ ዓይነት ነበርና ያለ ማቋረጥ ይዞራል። ከሁለት ያጣን ሆንን። ማርቆስ የመዝሙር ካሴቱን ኪሱ ከተተና፣ እግዚአብሔር ፈርዷል አለኝ።

የካራቴ ፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ነበር። ስሙን አናውቅም፤ በቴፑ መስኮት በኩል የሚታየው የካሴቱ ወረቀት ግማሹ ተገሽልጦ፣ አየር ላይ የተንጠለጠለ አንድ እግር ብቻ ቀርቷል። ግን ምን ያልነበረበት ነገር አለ። መጀመሪያ ቆርቆሮውን የሚያርገበግብ ደወል ይመታል፣ ከዚያ ከበሮ። ከበሮው ሳያልቅ እንደ አሜሪካ መርማሪ ፖሊስ የሚሮጥ ጊታር ይገባል። ከዚያ ዋሽንት፣ ማማ ኖምሳ የምታንጎራጉረው ያ ዋሽንት። ቀጥሎ ረጋ ያለ ሬጌ፤ ቻይና ከሬጌ ምን አገናኘው አትበሉኝ፣ እኔም ጠይቄያለሁ። ከዚያ ሰይፍ ይፋጫል፣ አንድ ሰው ይጮሃል፣ አንዱ ይወድቃል። ገልበጥ ሲል ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የመሰለ፣ ከዚያ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረምሳ ሳይተነፍስ በቁጣ የሚያወራበት። ማርቆስ እሱን አዳምጦ፣ ይሄ ጠብ ነው እንጂ ዘፈን አይደለም ብሎ አሳለፈው። አንድ ደግሞ ጭብጨባ ያለበት ምት ነበር። እኔ ጉራግኛ ነው እላለሁ፣ እሱ በአባቴ ይሁንብኝ የኛ የሀዲያ ነው ይላል። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ አልተስማማንም።

ፊልሙን ሁለታችንም አላየነውም። ስለዚህ ዳቦ እየቆረጥን፣ ስኳር በትንንሽ ላስቲክ እየቋጠርን፣ እኛው ሠራነው። በእኔ ፊልም ሽማግሌው መምህር ይገደላል፣ ተማሪው ተራራ ለተራራ ዞሮ ገዳዩን ያገኛል፣ በዚያ ከበሮ ላይ ድራሹን ያጠፋዋል። በማርቆስ ፊልም ግን ተማሪው እግሩን እንዳነሳ፣ ዋሽንቱ ሲመጣ፣ ይቅር ይለዋል። ይቅር ካለውማ ያ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው ብዬ እሟገታለሁ። የሚጮኸው ይቅር ማለት አሞት ነው ይለኛል። በኋላ አቃቂር ስናወጣ ደንበኞቹም ገቡበት፣ እያንዳንዱ የራሱን መጨረሻ ይዞ በፍርግርጉ በኩል ይሟገት ጀመር። ያን ያህል ጫጫታ የነበረበት ሱቅ ሌላ አላውቅም። ሌባ እንኳ የራሱን መጨረሻ ይዞ ይመጣ ነበር ብል ማጋነን ነው፣ ግን ደስ ይለኛል።

የሚያጣላን አንድ ሙዚቃ ብቻ ቀረን። ካሴቱ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት በቻይንኛ ታዜማለች፣ ከዋሽንቱ ጋር፣ ያን የሚንጠለጠለውን ዜማ። እኔ ለእሷ እሞታለሁ። ማርቆስ ግን ቃል አለው፣ ሴትዮዋም ድምፅዋ ይለሰልሳል፣ ዘፈን ነው ብሎ ፈረደ። እዚያ ቦታ ሲደርስ እጁ ዱቄት ቢሆን በክርኑ ወደ ፊት ያስሮጠዋል። ተጣላን፣ ታረቅን፣ ተጣላን። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ቀን ቴፑን ተሸክመን ነጠላ ጫማና ባትሪ ከምታከፋፍለን ቻይናዊት ዘንድ ሄድን። ገንዘብ መቀበያው ላይ አስቀምጠን ከፈትንላት። ሴትዮዋ ከዋጋ ሌላ ስትናገር ሰምተናት አናውቅም ነበር። አዳመጠች። እንደገና አለች። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፣ እሷ ግን እጇን አንስታ ሁሉንም ዝም አሰኘች። ከዚያ ሦስታችንም ባለን ጥቂት እንግሊዝኛ ነገረችን። የምታዜመዋ ሴት ባሏን እየጠራች ነው፤ ራት ቀርቧል፣ በሩን ልዘጋ ነው፣ ብርዱ ሳይገባ ና ግባ እያለችው ነው። ታክሲው ውስጥ ማርቆስ ቴፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ና ራት ብላ ማለት ኃጢአት የሚሆንበት ጥቅስ አላገኘሁም አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ የመዝጊያችን ሙዚቃ ሆነ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምፁን ከፍ እናደርገዋለን፤ በሩን ልንዘጋ ነው ማለት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ለመደው። ሴትዮዋ ማዜም ስትጀምር ከየቤቱ ሰው ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ይሮጣል፣ ሻማ፣ ክብሪት፣ ለልጅ ወተት። ማማ ኖምሳ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ናት። ግቢዋ ውስጥ ሆነን ሳለን እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ሻርፗን አስተካክላ፣ ልክ ሩቅ እንደሚሄድ ሰው ትመጣና፣ «ሲፖ፣ ሳትዘጋ ግማሽ ዳቦ» ትለኛለች። ዘውዱ የሚለው ስም ከምላሷ ጋር ስላልተስማማ ሲፖ ብላ ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ በእነሱ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። በደህናው ጊዜ ሱቁን ሸጠን ስንለያይ፣ ማርቆስ ወደ ሶዌቶ፣ እኔ ወደ ከተማ መጋረጃ ንግድ፣ ቴፑን አንተ ውሰድ፣ አይ አንተ ስንባባል ዋልን። ለአንዱ ቢደርስ ሌላው ይከፋዋል። በመጨረሻ ለማማ ኖምሳ ትተንላት ሄድን።

ይኸው ባለፈው ወር እሷም ድስቷን ደፍታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ችግሬን ሰማች። ስለ ሁለቱ አዳራሽ ስነግራት ቆይታ፣ ሁለታችሁ በአንዲት ፍራሽ በምታህል ክፍል ኖራችሁ እኮ አለች። ገብታ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ በዳንቴል የተሸፈነውን ቴፕ አወረደችው። ካሴቱ አሁንም እዚያው ውስጥ ነው። አልወጣ ብሎኝ አላወጣሁትም አለችኝ። ገመዱን ሰካችው፣ ደወሉ ተመታ፣ እኔም ሽማግሌው ሰውዬ ቧንቧ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። የደስታ ነው፣ አትሳቀቁ።

በማግስቱ ሶዌቶ፣ ማርቆስ ሱቅ ገባሁ። የሁለት አዳራሹ ነገር ከተነሳ ወዲህ በሽማግሌ በኩል እንጂ ፊት ለፊት አልተነጋገርንም ነበር፤ ያ የድሮው በደንበኛ መላላካችን ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሰላምታ እስኪሰጠኝ አልጠበቅሁም። ከማማ ኖምሳ የተዋስኩትን ቴፕ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ተጫንኩት። ደወሉ፣ ከበሮው፣ ጊታሩ። ማርቆስ የያዘውን የዘይት ጠርሙስ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ጭብጨባው ሲደርስ ሳያስበው፣ «የኛ ነው» አለ። እኔም «ጉራግኛ ነው» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሴትዮዋ እስክታዜም ጠበቅናት።

«ማርቆስ» አልኩት፣ «ይሄ ዘፈን ነው መዝሙር?»

«ያኔ ታክሲው ውስጥ ፈርጄበታለሁ» አለኝ። «ፍርዴን አልቀለብስም፣ ወንድም ዘውዱ።» ቀጥሎም ጨመረበት፤ «አዳራሹ አንድ ይሁን። ግን ሰዎቼን እጃቸውን ይዤ ላስገባቸው አልችልም። ባይገቡ እንዳትቀየመኝ።»

የእኔም ሰዎች ያው ናቸው አልኩት። ናትናኤል በዚህ መሃል ከጓዳ ወጥቶ፣ ዜማውን ለስልኩ አሰምቶ ሲያስፈልገው ቆይቶ ኖሮ፣ ጋሼ፣ ፊልሙን አገኘሁት፣ ላሳያችሁ አለ። ሁለታችንም በአንድ አፍ ከልክለነው ስልኩን ኪሱ አስገባ። ያን ሁሉ ዓመት የለፋንበትን ፊልም አንድ የማናውቀው ዳይሬክተር መጥቶ እንዲያበላሽብን አልፈለግንም።

የሰርጉ ዕለት የፈራሁት ደረሰ። አዳራሹ አምሯል፣ ወንበሩ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ የተቀመጠው ግን ከግማሽ በታች ነው። የእነሱ ወገኖች ሱፍ ለብሰው በግቢው በስተቀኝ ቆመዋል። የእኛዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው በስተግራ ቆመዋል። ሁሉም እስኪ ምን እንደሚከፈት እንስማ ብሎ ነው። በድምፅ ማጉያው አጠገብ ማይክሮፎን አቁመን ቴፑን ከፈትነው። ደወሉ ሲመታ ሜሮንና ናትናኤል ገቡ፣ ሚዜዎቹ በከበሮው እየረገጡ ተከተሉ። አክስቴ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ የእነሱ ነው እንዴ ስትል ሰማኋት። በዚያው ቅጽበት ከማዶ አንድ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሰው ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ የእነሱ ነው እንዴ ይላል። የሚቃወመው ነገር ያገኘ የለም፤ ግን የሚገባም የለም። ሬጌው አለፈ፣ ኦርጋኑ አለፈ፣ ጎረምሳው ተቆጥቶ ጨረሰ። ልጄ ከመድረኩ ላይ ሆና በሩን በሩን ታያለች። ባለቤቴ እጄን ጨመቀችው።

ከዚያ ዋሽንቱ መጣ፣ ሴትዮዋም ማዜም ጀመረች። ማርቆስ ከወንበሩ ተነሳ። ያቺን ቡናማ ኮት ለብሶ ነበር፤ ቁልፏ አልገጥም ብሏል። በረጅሙ አዳራሽ መሃል ቀስ ብሎ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ፣ መዝጊያውንም በእጁ ያዘ።

«ይህቺ ሴት የምትለውን እኔ አውቃለሁ» አለ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እያየ። «ራት ቀርቧል። በሩን ልዘጋ ነው። ብርድ ሳይመታችሁ ግቡ ነው የምትለው።»

ከዚያ አንድ የእነሱ አዛውንት ሳቁ፣ አክስቴም ሳቀች፣ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ውጭ መቆም አይሆንላቸውም፤ ሁለቱም ወገን በአንዲቱ በር ተጋፍቶ ገባ። ማን የማን እንደሆነ ሳይለይ የተገኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ አቀርቅሬ ዓይኔን ስጠርግ አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ቆመ። ቀና ስል ማማ ኖምሳ ናት፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ሻርፗን አስተካክላ።

«ሲፖ» አለችኝ፣ «ሳትዘጋ ግማሽ ዳቦ።»

የሰርጉ ድፎ ገና አልተባረከም፣ አልተቆረሰም ነበር። ለሁለት ቆረስኩትና ግማሹን ሰጠኋት።